ሐሳብና ሒሳብ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በኻርቱም ከተማ፣ ጦርነት እስከተነሣበት እስከ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ሻይ ጠጥቶ ሲነሣ «ሒሳብ» የሚለውን ቃል ቢሰማ አስተርጓሚ አያስፈልገውም ነበር፤ ቃሉን ከአገሩ ያውቀዋልና። ለመሆኑ ይህ ቃል ራስን ከመመርመር ጋር ምን ያገናኘዋል?

በግዕዝ «ሐሰበ» ማለት አሰበ፣ ደግሞም ቆጠረ ማለት ነው። የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያ «ባሕረ ሐሳብ» መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው። በአማርኛም «ተሳሰቡ» ሲባል ሁለት ትርጉም አለው፤ ይኸውም አንዱ ለሌላው አሰበ፣ ወይም ያለባቸውን ዕዳ ተቆጣጠሩ ማለት ነው። የግዕዝ ዘመድ የሆነው ዐረብኛም ማሰብንና መቁጠርን ከአንድ ሥር ያወጣል። በዚህ ቋንቋ ሰው የገዛ ሥራውን በውስጡ መመርመሩ «ሙሓሰባ» ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ857 ዓ.ም. በባግዳድ የሞተው ሊቅ አል ሓሪስ፣ «አል ሙሓሲቢ» የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ተግባር አማርኛ «ራስን መመርመር» ይለዋል። «በሽተኛው ተመረመረ» ሲባል መርማሪው ሐኪም፣ ተመርማሪው ሌላ ሰው ነው። «ሰውየው ራሱን መረመረ» ሲባል ግን መርማሪውም ተመርማሪውም አንድ ነው።

ራስን መመርመር ከ«ግለ ሒስ» ይለያል። በደርግ ዘመን በየስብሰባው የተለመደው ግለ ሒስ በሰው ፊት የሚነገር ነበር። ሰው ተገዶ ወይም ፈርቶ ጥፋቱን፣ አንዳንዴም ያላጠፋውን ሊናገር ይችላል። ራሱን እንዲመረምር ግን ማንም ሊያስገድደው አይችልም፤ ምስክሩ የገዛ ኅሊናው ብቻ ነውና።

አንድ ባለሱቅ ሌሎች ያለባቸውን ዕዳ ብቻ መዝግቦ የራሱን ቢተው፣ ሒሳቡ ትክክል አይሆንም። እንደዚሁም በሰው አገር አንድ ክፍል ተጋርተው የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች ቢጣሉ፣ እያንዳንዱም የሌላውን በደል ብቻ ቢቆጥር፣ ዕርቅ አይገኝም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ከመካከላቸው አንዱ ማታ ብቻውን ተቀምጦ «እኔስ ምን በደልሁ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ግን የጎደለው ግማሽ ሒሳብ ይሞላል፤ በማግሥቱም ከጓደኛው ጋር በሁለቱም ትርጉም ለመተሳሰብ ይበቃል።