ኅዳር ሲታጠንና የዝንብ ቀን መቁጠሪያ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚውልበት ዕለት፣ የአዲስ አበባ ሰፈሮች በጢስ ተሸፍነው ይታያሉ። የቤት ባለቤትና ተከራይ፣ ሽማግሌና ልጅ ሳይለይ መጥረጊያ ይዞ ይወጣል፤ በአጥር ሥር ተከማችቶ የከረመውም ጥራጊ ተሰብስቦ በደጃፍ ይነዳል። በማግሥቱ መንገዱ ጸድቶ ሲታይ የማይደሰት ሰው የለም። ነገር ግን ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ በዚያው አጥር ሥር ያው ጉድፍ ተመልሶ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ ከምን እንደ ተነሣ፣ ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚጎድለው ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች ማስረዳት ነው።

የልማዱ አመጣጥ

በ1911 ዓ.ም. በመላው ዓለም ሲዘዋወር የነበረው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ እጅግ ብዙ ሰው ፈጀ። ሕዝቡም በበረታበት ወር ስም «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጠራው። በከተማዪቱ ውስጥ የሞተው ሰው ቍጥር ወደ 10 ሺህ እንደሚደርስ ተገምቷል። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንንም በበሽታው ተይዘው ድነዋል። ሐኪም ጥቂት ስለ ነበረና ፈዋሽ መድኃኒት ስላልተገኘ፣ አስታማሚው ከታማሚው ጋር አብሮ ይወድቅ፣ ሬሳ የሚቀብር ሰውም ይታጣ እንደ ነበረ ይነገራል።

ሕዝቡ ደዌው ከተበከለ አየር የመጣ ስለ መሰለው፣ ጥራጊውን እየሰበሰበ አቃጠለ፣ ሰፈሩንም በጢስ አጠነ። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚህ የመነጨ ነው። ዛሬ እንደምናውቀው፣ ኢንፍሉዌንዛ የሚመጣው በቫይረስ ሲሆን፣ የሚተላለፈውም በትንፋሽ፣ በሳልና በማስነጠስ ነው። ይህ ቫይረስ ከታመመ ሰው ተለይቶ የታወቀው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1933፣ ማለት ወረርሽኙ ካለፈ ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በ1911 ዓ.ም. የነበሩት ሰዎች ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ጢሱ ኢንፍሉዌንዛን አላባረረም፤ መጥረጊያው ግን ከሌሎች ብዙ በሽታዎች የሚጠብቅ መሣሪያ ነውና፣ ልማዱ ሊነቀፍ ሳይሆን ሊሻሻል ይገባዋል።

ከተማዪቱ ስታድግ

አዲስ አበባ በተቈረቈረችበት ዘመን ቤቶች ተራርቀው የተሠሩ ስለ ነበሩ፣ ከቤት የሚወጣውን ጥራጊ ሌሊት ጅብና ውሻ ያነሣው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሰው በዛ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 በተደረገው ቈጠራ የከተማዪቱ ሕዝብ ከ4 መቶ 40 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ቤት ከቤት ተጠጋ፤ ከሜዳ ይጣል የነበረው ጉድፍ ከጎረቤት ደጅ ይወድቅ ጀመር፤ የተረፈውም በክረምት ጎርፍ እየተጠረገ ወደ ቀበናና ወደ ግንፍሌ ወንዞች ወረደ።

መንግሥትም ይህን ችግር ችላ አላለውም። በ1940 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተቋቋመ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረ ሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን ማሠልጠን ጀመረ። የትምህርታቸውም መሠረት በሽታን ሐኪም ቤት ከመድረሱ አስቀድሞ ከምንጩ ማድረቅ ነበር። በከተማ ሰፈር ውስጥ ከምንጮቹ አንዱ በዐይናችን የምናየውና የናቅነው ፍጥረት፣ ዝንብ፣ ነው።

የዝንብ ዕድሜ

ሴቲቱ የቤት ዝንብ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 የሚደርስ እንቍላል ትጥላለች፤ ይህንንም በዕድሜዋ ደጋግማ ታደርጋለች። የምትመርጠውም ቦታ እርጥበት ያለው የከብት ፍግ፣ የበሰበሰ የማድ ቤት ጥራጊና ክዳን የሌለው ጉድጓድ ነው። እንቍላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ተፈልፍሎ ነጭ ትል ይሆናል። ትሉ በልቶ ከጠገበ በኋላ ወደ ደረቅ መሬት ተስቦ ይሄድና ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ይቀመጣል፤ ከቅርፊቱም ክንፍ ያላት ዝንብ ትወጣለች። አየሩ ሞቃት ሲሆን ይህ ሁሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጸማል፤ በቀዝቃዛ ጊዜ ግን እስከ 3 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቈያል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሒሳቡን አብረን እናስላ። የዝንብን ትውልድ በ3 ሳምንት ብንቈጥረው እንኳ፣ ከኅዳር እስከ ኅዳር ሳይነካ በሚቈይ የቈሻሻ ክምር ውስጥ 17 ትውልድ ተወልዶ ይበራል። ዝንብ የምትመራበት ቀን መቁጠሪያ የሳምንት ነው፤ እኛ የምንጠርግበት የዓመት ከሆነ፣ ልትቀድመን የማትችልበት ምክንያት የለም። ጥራጊ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ከሰፈር ቢወጣ ግን ትሉ ክንፍ ሳያበቅል ከነመኖሪያው ይወገዳል።

በአንድ ግቢ ውስጥ

ለምሳሌ ያህል አምስት ቤተ ሰብ በኪራይ የሚኖርበትን አንድ ግቢ እንመልከት። መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነው፤ በሩ ተገንጥሏል፤ ጉድጓዱም ክዳን የለውም። ትንንሾቹ ልጆች ጨለማውን ስለሚፈሩ ከአጥር ሥር ይቀመጣሉ። ከዚያ ዐሥር እርምጃ ያህል ርቆ አንዲት እናት ጡት ለጣለ ልጇ ገንፎ አብርዳ በሳሕን አስቀምጣለች።

ዝንብ ጥርስ የላትም። ደረቅ ምግብ ስታገኝ ከሆዷ ያለውን ፈሳሽ ትተፋበትና ካሟሟችው በኋላ ትመጠዋለች፤ እዚያው ላይም ኵሷን ትጥላለች። ስለዚህ ከአጥር ሥር ተነሥታ ከገንፎው ላይ ያረፈች ዝንብ በእግሯም፣ በአፏም፣ በሆዷም ያመጣችውን የተቅማጥ ጀርም ለሕፃኑ ታጐርሰዋለች። ጐልማሳ ሰው ሁለት ቀን አሞት ሊነሣ ይችላል፤ የዓመት ልጅ ግን የሰውነቱ ውኃ በተቅማጥና በትውኪያ ሲያልቅ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ አንዳንዴም በሰዓታት፣ ይሞታል። እናትየውም ልጇ በጥርስ ምክንያት ወይም በሰው ዐይን የሞተባት ይመስላታል።

ደግሞ የሕፃናትን ዐይን የምትፈልግ ሌላ የዝንብ ወገን አለች። እርስዋም በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ትራባለች እንጂ በሚገባ በተቈፈረ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አትራባም። ይህችው ዝንብ ለዕውርነት የሚዳርገውን ትራኮማ የተባለ የዐይን በሽታ ከልጅ ወደ ልጅ ታዛምታለች። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ሠርቶ ልጆችን ማስለመድ ሆድን ብቻ ሳይሆን ዐይንንም መጠበቅ ነው።

መድኃኒት መርጨት ብቻውን አይበቃም

በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1946 ጀምሮ በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ ክፍል፣ ሂዳልጎ በተባለ አውራጃ አንድ ታላቅ ምርመራ ተደርጎ ነበር። የአውራጃው ከተሞች በሁለት ተከፍለው፣ በአንደኛው ወገን ዲ.ዲ.ቲ. ተረጨ፣ ሁለተኛው ወገን ሳይረጭ ቀረ። በተረጩት ከተሞች ዝንቡ ሲቀንስ የሕፃናት ተቅማጥና ሞትም አብሮ ቀነሰ። ከዚህም ዝንብና የሕፃናት ሞት የተያያዙ መሆናቸው በግልጥ ታወቀ። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቈይ ዝንቦቹ መድኃኒቱን ለመዱትና መግደል ተሳነው፤ በሌሎችም አገሮች ይኸው ታየ። መድኃኒት ሊለመድ ይችላል፤ መራቢያ ቦታ ማጣትን ግን ዝንብ ልትለምደው አትችልም።

ጉድፉ ወዴት ይሄዳል?

ሰፈርን መጥረግ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ የተጠረገው በመጨረሻ የት እንደሚያርፍ ማሰብ ነው። ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የአዲስ አበባ ቈሻሻ ሲጣልበት የኖረው፣ ሕዝቡ «ቆሼ» የሚለው ስፍራ፣ መጀመሪያ ከከተማ ዳር ነበር። ከተማዪቱ ሰፍታ ደረሰችበት፤ ድኾችም በግርጌው ቤት ሠሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቈሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 ሰዎች በላይ፣ ብዙዎቹም ሴቶችና ሕፃናት፣ ከሥሩ ሞቱ። ከደጃችን ያራቅነው ጉድፍ ከሌላ ሰው ደጅ እንደሚወድቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ስለዚህ ከየቤቱ የሚወጣውን ጥራጊ መለየትና ማሳነስ የእያንዳንዱ ነዋሪ ግዴታ ነው።

በየቤቱ ሊደረግ የሚገባው

1ኛ፦ የማድ ቤት ጥራጊ ክዳን ባለው ዕቃ ይጠራቀም፤ በየሳምንቱም ሁለት ጊዜ ይወገድ። ግቢ ያለው ሰው የሚበሰብሰውን ለይቶ ጉድጓድ ውስጥ ይጨምር፤ በላዩም አንድ ስንዝር ያህል አፈር ይመልስበት። ሲበሰብስ ለአትክልት ማዳበሪያ ይሆናል።

2ኛ፦ ፕላስቲክ፣ ጎማና የባትሪ ድንጋይ በምንም ምክንያት አይቃጠሉ። ጢሳቸው መርዝ ነው፤ ይልቁንም ሕፃናትንና የአስም ሕመምተኞችን ይጎዳል። በኅዳር 12 ቀንም ቢሆን ጠርጎ ማስወገድ እንጂ ማቃጠል አያስፈልግም።

3ኛ፦ የመጸዳጃ ጉድጓድ ክዳን ይኑረው፤ በሩም ይዘጋ። ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከውኃው በታች ይቈፈር።

4ኛ፦ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀትና ከመብላት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ከታጣ ዐመድ ያገለግላል። ይህ ብቻ የተቅማጥን በሽታ በሢሶ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ ምርመራ ተረጋግጧል።

5ኛ፦ የበሰለ ምግብ ይከደን፤ የልጆችም ፊት በየቀኑ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

6ኛ፦ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ጡት አይከልከል፤ የሕይወት አድን ቅመም በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ለመምህራን

ልጅ የነገሩትን ይረሳል፤ በዐይኑ ያየውን ግን ለወላጆቹ ሳይቀር ያስተምራል። ስለዚህ መምህራን በክፍል ውስጥ አንድ ቀላል ፈተና እንዲያደርጉ እንመክራለን። በሁለት ብርጭቆ ውስጥ እኩል ቍራጭ ሥጋ ይደረግ፤ አንደኛው በስስ ጨርቅ ይታሰር፣ ሁለተኛው ክፍት ይቈይ። ሁለቱም ከክፍል ውጭ፣ ዝንብ ከሚደርስበት ጥላ ሥር ይቀመጡ። ተማሪዎቹ በየቀኑ ያዩትን ይጻፉ። ትል የሚገኘው በክፍቱ ብርጭቆ ብቻ ሲሆን፣ ትል ከዝንብ እንጂ ከሥጋው ከራሱ እንደማይፈጠር ይገባቸዋል። ይህን ፈተና በፈረንጆች አቆጣጠር በ1668 ኢጣሊያዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ሬዲ አድርጎት ነበር። ትሉ ከታየ በኋላ ክንፍ ሳያወጣ በጥልቅ ይቀበር፤ ልጆቹም እጃቸውን ይታጠቡ።

ከዚያም እያንዳንዱ ተማሪ የሰፈሩን የጥራጊ ክምር ቈጥሮ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ይመዝግብ። መዝገቡ ለዕድር ሽማግሌዎችና ለቀበሌው ቢቀርብ፣ ተለይቶ የሚታወቀውን ክምር ማንም ሊክደው አይችልም።

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጥንቃቄ ግን ቀኑን ሲያሳልፍ ጥንቃቄ መሆኑ ይቀራል። የ1911ዱ ሙታን ያወረሱን መጥረጊያ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ ከእጃችን ይገኝ። የመጪው ኅዳር 12 ቀን ሲደርስ የሚቃጠል ክምር የታጣበት ሰፈር፣ ዓመቱን ሙሉ ልጆቹን የጠበቀ ሰፈር ነው።