ከኮዬ ፈጬ እስከ ካሸር መስኮት፦ ስለ ሥራ ላይ ውጥረትና ማርገቢያው

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስነሳ ርእሱ ቀላል መስሎኝ ነበር። "በቂ እንቅልፍ ተኙ፣ ስፖርት ሥሩ፣ ውኃ ጠጡ" ብሎ መደርደር ማንን ያቅተዋል? እኔ ግን የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። በቂ እንቅልፍ ተኚ የሚለኝ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ አያውቅም ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገርና ከዚያ ወደ ትምህርቱ እንገባለን።

ቀን በአንድ የግል ድርጅት ካሸር ሆኜ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ እማራለሁ። ባለፈው ዓመት የፈተና ሰሞን አንድ ማታ ሒሳብ ስዘጋ 1,850 ብር ጎደለ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ የለም። ከደመወዜ ተቆረጠ። በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መልሳቸውን ደግመው ሲጠይቁኝ "አባባ፣ ሰጠሁዎት እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር?" ብዬ ጮህኩባቸው። ሰልፉ በሙሉ ዝም አለ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ "እሺ ልጄ፣ ደክሞሻል" ብለው ሄዱ። ማታ ስቆጥር 50 ብር ትርፍ ተገኘ። የእሳቸው ነበረች።

እንግዲህ ያን ቀን ነው ስለ ውጥረት ማንበብ የጀመርኩት። ለመሆኑ ውጥረት ምንድን ነው? አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሕይወት ያለው ፍጡር አደጋ ሲያይ ሰውነቱ ወይ ለመታገል ወይ ለመሸሽ ይዘጋጃል። አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ይረጫል፣ ልብ ትፈጥናለች፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ሥራውን ያቀዘቅዛል። ጅብ ሲመጣ ይህ በጣም ጥሩ ነገር ነው። ካሸር ግን ደንበኛን አይመታም፣ ከደንበኛም አይሸሽም። የተዘጋጀው ጉልበት መውጫ አጥቶ እዚያው ወንበር ላይ ይቀራል። ትከሻችን የሚደነድነው፣ ምሳ የማይረጋልን ለዚህ ነው።

ከካነን በኋላ ሃንስ ሰልዬ የተባለ ተመራማሪ በካናዳ፣ ሞንትሪያል ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ነገሩን በሦስት ደረጃ ከፈለው፦ ማስጠንቀቂያ፣ መቋቋም፣ መዛል። እኔን የገረመኝ መካከለኛው ነው። ሰው በመቋቋም ደረጃ ላይ ሳለ ደህና የሆነ ይመስለዋል። "ለምጄዋለሁ" ይላል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ "ለምጄዋለሁ" ስል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው "በርንአውት" የሚባለውን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ ሦስት ምልክት ሰጥቶታል፦ የጉልበት ማለቅ፣ ሥራውን መጥላትና ከሥራው መራቅ፣ የሥራ ውጤት መቀነስ። ሦስቱንም በአንድ ሳምንት አሟልቼ ነበር ማለት ነው!

የኛ ሰፈር ውጥረት ከቢሮ በፊት ነው የሚጀምረው። የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ሳይቶች አንዱ ገርጂ፣ ከተማው ውስጥ ነበር። እየቆየ ግን ቦታ ወዳለበት ወደ ዳር ሄደ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. 51 ሺህ የሚሆኑ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ኮዬ ፈጬም ነበረበት፤ የወሰን ጥያቄ ተነስቶበት ርክክቡ መዘግየቱንም የምታስታውሱት ነው። ቤቱ ወደ ዳር ወጣ፣ ሥራው ግን መሀል ከተማ ቀረ። በቱሉ ዲምቱ፣ በቃሊቲ፣ በሳሪስ አድርጎ መሀል መግባት ማለት ሥራ ሳይጀመር አንድ ሥራ መጨረስ ነው። ማታም ውኃ ከሌለ ጄሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት አለ። (እሱን እንደ ስፖርት ቁጠሩልኝ።)

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሞከርኳቸው ውስጥ በእውነት የሠሩልኝን ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛው ትንፋሽ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። ነገር ግን ምክንያት አለው። አየር ስናስወጣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ምት ያዘገያል፤ ስለዚህ ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱን ማርዘም ነው ዘዴው። በአፍንጫ አራት እስኪቆጠር ማስገባት፣ ስድስት ወይም ስምንት እስኪቆጠር ቀስ ብሎ ማስወጣት። በሁለት ደንበኛ መካከል አምስቴ ይደረጋል፣ ማንም አያይም። ሁለተኛው ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ ሐኪም በ1920ዎቹ ያስተማረው ነው፦ አንድን ጡንቻ አጥብቆ ጨብጦ መልቀቅ። እጅን፣ ከዚያ ትከሻን፣ ከዚያ መንጋጋን። ጡንቻው መወጠሩን የምናውቀው ስንለቀው ነው። እኔ ሃይገር ውስጥ ቆሜ በእግር ጣቶቼ ነው የምሠራው፤ እጄ ብረት ይዟላ።

ሌላው የሐርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የጻፈው ነው። አንድን ቃል ከትንፋሽ ጋር ደጋግሞ ማለትና ሐሳብ ሲበተን ሳይቆጡ ወደ ቃሉ መመለስ ልብንም ትንፋሽንም ያረጋጋል ይላል፤ በየሃይማኖቱ ጸሎት ውስጥም ይኸው እንዳለ ጠቅሷል። ይህን ሳነብ ጎረቤቴ እማማ ትዝ አሉኝ። መብራት ሲጠፋ በረንዳቸው ላይ መቁጠሪያ ይዘው ይቀመጣሉ። ሥራ ቦታችን ያሉ ሙስሊም ባልደረቦቻችንም ለሶላት ሲነሱ አሥር ደቂቃ ከወንበር ይላቀቃሉ። እኛ ሌሎቻችን እኮ እስከ ምሳ አንነሳም ነበር።

ስለ ቡና ሳልናገር ባልፍ የአገሬ ሰው ይታዘበኛል። የቡናው ትልቁ ጥቅም ቡናው አይመስለኝም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሰው ተቀምጦ መጫወቱ ነው። ካፌይኑ ራሱ ግን ከሰውነት እስከ ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ "ድካም ያስለቅቀኛል" ብለን የጠጣነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ደማችን ውስጥ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ለሚነሳ የኮዬ ሰው ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም። እኔ የከሰዓቱን ስኒ ትቼ ጨዋታውን አስቀርቻለሁ። ቢራና ጫትም "ያፍታታል" ይባላል፤ ቢራው ቶሎ ያስተኛል እንጂ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ ጫቱ ጭራሽ እንቅልፍ ይነሳል። ስልክም ያው ነው። የሥራ ቦታችን የቴሌግራም ግሩፕ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ድምፁ ይጠፋል፣ እስካሁን ማንም አልሞተም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ እውነቱን ለመናገር ትንፋሽ ብቻ አይበቃም። የማኔጅመንት ተማሪዎች ልብ ልትሉት የሚገባው ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሰውን የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻ ሳይሆን ሥራው በዝቶ የመወሰን ሥልጣን ሲያንስ ነው ይላል። ካሸርን ውሰዱ። ሰልፉን አያሳጥርም፣ ዋጋ አይቀንስም፣ ዝርዝር ሲያልቅ መስኮቱን አይዘጋም፤ ጉድለት ሲመጣ ግን ከፋይ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ተንፍስ ማለት ብቻውን ሹፈት ይሆናል።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል፤ ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥም በመርህ ደረጃ ክልክል ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ፈቃዴን "ሽጬ" የጎደለውን ልከፍልበት አስቤ ነበር። እንኳን አልሆነልኝ!

ካነበብኩ በኋላ አለቃዬን ሁለት ነገር ጠየቅሁ። አንደኛ፣ እኩለ ቀን ላይ መስኮቱን ለአሥር ደቂቃ ዘግቼ ልቁጠር። ሁለተኛ፣ ወር መጨረሻ ላይ ሰው ይጨመርልኝ። ለመጀመሪያው "ደንበኛ ይቆጣል" አለ። እኔም ጉድለት ሲመጣ ጠዋት ይሁን ከሰዓት ካወቅን የምንፈልገው በግማሽ ደረሰኝ ውስጥ ነው ብዬ አስረዳሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጎድሎብኝ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ቀኑን አግኝቼዋለሁ። ለሁለተኛው ጥያቄ የተሰጠኝ መልስ "እናየዋለን" ነው። "እናየዋለን" ምን ማለት እንደሆነ ሥራ ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የወር መጨረሻውን ሰልፍ አሁንም ብቻዬን ነው የማስተናግደው። የሽማግሌው 50 ብር በፖስታ ታሽጎ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ አለቃዬም አውቆት መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። እስካሁን አልመጡም።