«ራሙን ከፍ አድርገው»

አዲሱ ገበያ አካባቢ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሊከፍት ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ይኸው ነው፦ «ራሙን ከፍ አድርገው፤ ፍጥነት ማለት እሱ ነው።» ግማሹ እውነት ነው። ራም ሲያንስ ማሽኑን ያንቀራፍፋል፤ ሥራው ከሚጠይቀው በላይ ሲሆን ግን ትርፉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ሥራ የሚበዛበትን ሰዓት እንይ። የመመረቂያ ጽሑፍ በወርድ ተከፍቷል፣ ደንበኛ የላከው ፋይል በቴሌግራም እየወረደ ነው፣ ክሮም ላይ ታቦች ተደርድረዋል፣ ጉርድ ፎቶ የሚጠብቅ ሰው ስላለ ፎቶሾፕም ተከፍቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ምንም ሳይከፈትበት 3 ጊጋ ገደማ ይይዛል። 4 ጊጋ ያለው ማሽን እዚህ ላይ ስታክ ያደርጋል፤ ራሙ ሲሞላ የተረፈውን ዲስክ ላይ እያስቀመጠ መልሶ ማንበብ ይጀምራልና። 8 ጊጋ ያለ ፎቶሾፕ ያዘልቃል፣ ከፎቶሾፕ ጋር ይጨናነቃል። ለዚህ ቤት 16 ይበቃል። 32 ትልልቅ ባነር ለሚሠራና ቪዲዮ ለሚያቀናብር ነው። ለፒችትሪና ለደብዳቤ ብሎ 32 የሚገዛ ሰው ልዩነቱን ዩፒኤስ ቢገዛበት ይሻለዋል፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ራም ላይ ያለው ያልተቀመጠ ሥራ ሁሉ ይጠፋል፣ ራሙ ስንትም ቢሆን።

«ማይክሮሶፍት ራሱ 4 ጊጋ ይበቃል ብሏል» የሚሉም አሉ። ያ ዊንዶውስ 11ን ለመጫን የተቀመጠ ዝቅተኛ መጠን ነው፤ ተመችቶ ለመሥራት አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ዛሬ የሚገዛ ሰው ስሌቱን በ11 ቢጀምር ይበጀዋል።

ያገለገለ ማሽን የገዛ ሰው ደግሞ «ራም ስጨምርበት አዲስ ይሆናል» ይላል። ለመነሳት ደቂቃዎች የሚፈጅ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ነው፤ ወደ ኤስኤስዲ ሲቀየር ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ለአሮጌ ፕሪንተር ሲባል 32 ቢት ዊንዶውስ ተጭኖበት ከሆነም 8 ጊጋ ቢሰኩበት ከ4 በላይ አይጠቀምም።

ራም ሁሉ አንድ ነው ማለትም ያስከስራል። የዲዲአር 3፣ 4 እና 5 ጥርሶች መሃል ያለው ክፍተት ቦታው ይለያያል፤ አንዱ በሌላው ሶኬት አይገባም፣ በግድ መጫንም ማዘርቦርድ ይሰብራል። በጣም ትንንሾቹ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ የሚወስዱት የላፕቶፕ ራም ነው። ለብቻው የግራፊክስ ካርድ ለሌለው ማሽን አንድ 16 ከመሰካት ሁለት 8 ይፈጥናል፤ ሶኬቱ ሁለት ብቻ ከሆነ ግን በኋላ መጨመር ሲያስፈልግ አንዱን ማውጣት ግድ ነው።

ስለዚህ ሻጩ ፊት ማሽኑን ያስነሱ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለው ስንት ጊጋ እንዳለና ከስንት ሶኬት ስንቱ እንደተያዘ ያሳያል። ብር የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው።