አፍንጫው ወደ ጎን የሚሸሽ አነስተኛ አውሮፕላን

በግለሰብ እጅ የተሠራ አነስተኛ አውሮፕላን በመጀመሪያዎቹ በረራዎቹ ከሚያሳያቸው ጉድለቶች አንዱ አፍንጫው ወደ አንድ ጎን መሸሹ ነው። አብራሪው እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሣ አውሮፕላኑ በቀጥታ መሄዱን ትቶ ጎኑን ለነፋሱ ይሰጣል። እንዲህ መብረር እግር ያደክማል፣ ነዳጅ ያባክናል። ፍጥነቱ ቀንሶ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው ደግሞ እንደ እንዝርት እየሾረ እንዲወድቅ ሊያደርገው ይችላል።

ዋናው መንስኤ ፕሮፔለሩ ነው። የአሜሪካዎቹ ላይካሚንግና ኮንቲኔንታል ሞተሮች ከአብራሪው ወንበር ሲታዩ ፕሮፔለሩን በአብዛኛው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ያዞራሉ። ወደ ኋላ የሚገፋው አየር በአውሮፕላኑ አካል ዙሪያ እየተጠማዘዘ ሄዶ የቆመውን ጅራት ከግራ በኩል ይመታዋል፤ ጅራቱ ወደ ቀኝ ሲገፋ አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ባለ ጊዜ፣ በቀኝ በኩል የሚወርደው የፕሮፔለር ምላጭ ከግራው የበለጠ ስለሚስብ መሸሹ ይብሳል። የእንግሊዙ ጂፕሲ ሜጀር ሞተር በተቃራኒው ስለሚዞር ችግሩም ወደ ቀኝ ነው። ይህን ለማካካስ በብዙ ንድፎች የቆመው ጅራት ወይም ሞተሩ በጥቂቱ ዘወር ብሎ ይገጠማል። በጋራዥ ሥራ ትንሽ መዛነፍ አይጠፋም፤ አየር ላይ ግን ትንሹም ይታወቃል።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው በጎን መንሸራተትን የሚያሳየው መሣሪያ ራሱ ነው። የመሣሪያው ኳስ በተቆለመመ የመስታወት ቱቦ ውስጥ፣ ፈሳሽ መካከል የምትንከባለል ናት። አውሮፕላኑ መሬት ላይ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ሲቆም ኳሷ መሐል ላይ ካልሆነች መሣሪያው የተገጠመው ተጣምሞ ነው፤ ይህን ያላየ ሠሪ የሌለ በሽታ ሲያክም ይከርማል።

ፍተሻው የሚደረገው አየሩ በረጋበት ሰዓት፣ የሁለቱ ክንፎች ነዳጅ እኩል ሆኖ፣ በመደበኛው የጉዞ ፍጥነት ነው። ክንፎቹ በእጅ መሪው አግድም ተይዘው እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ኳሷ ወደ ቀኝ ከሄደች፣ አፍንጫው ወደ ግራ ዞሯል ማለት ነው፤ የሚረገጠውም የቀኝ ፔዳል ነው። ኳሷ መሐል ሆና አንዱ ክንፍ ብቻ የሚያዘነብል ከሆነ ጉዳዩ የክንፍ ነው። ሁለቱም ከታዩ የጅራቱ ይቅደም፤ በጎን መንሸራተት በራሱ ክንፍ ያዘነብላልና።

ከዚያ መንስኤውን መፈለግ ይገባል፤ ብዙዎች የሚዘሉት ይህንኑ ነው። የጅራቱ አቀማመጥ በሲባጎና በቱንቢ ይለካል። በአሜሪካው ቫንስ ኤርክራፍት ንድፍ እንደተሠራው አርቪ-6 ባሉ፣ እግራቸው በማይታጠፍ አውሮፕላኖች ደግሞ የእግርና የጎማ መሸፈኛዎች በደንብ መታየት አለባቸው። አንዱ መሸፈኛ ጥቂት ከተጣመመ ራሱ እንደ መሪ ሆኖ አፍንጫውን ይጎትታል። መሸፈኛዎቹን አውልቆ አንድ ጊዜ መብረር ጥፋቱ የእነሱ መሆን አለመሆኑን ይለያል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ጥቂት መሸሽ ከቀረ፣ በቆመው ጅራት ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ በራደሩ የኋላ ጠርዝ ላይ ትንሽ ሽብልቅ ይለጠፋል። አፍንጫው ወደ ቀኝ እንዲመለስ ሽብልቁ በግራ ገጽ ይሆናል፤ በእሱ ላይ የሚጠራቀመው የአየር ግፊት ራደሩን ወደ ቀኝ ይገፋዋል። መጀመሪያ ከቀላል እንጨት ረዘም ተደርጎ ተሠርቶ በጠንካራ ፕላስተር ይያዛል፤ ከየበረራው በኋላ እየተቆረጠ ያጥራል፤ ኳሷ መሐል ስትረጋ በቋሚነት ይጣበቃል። በሴስና 172 ራደር ላይ ያለችው፣ መሬት ላይ በእጅ የምትታጠፍ ቆርቆሮ የምትሠራው ይህንኑ ነው።

የማይንቀሳቀስ ሽብልቅ የሚያስተካክለው ለአንድ የሞተር ኃይልና ለአንድ ፍጥነት ብቻ ነው። ስለዚህ ለጉዞ ፍጥነት ይመጠናል፤ ሽቅብ ሲወጣ የአብራሪው እግር አሁንም ያስፈልጋል። ከራደሩ ማጠፊያ ኋላ የሚጨመር ክብደት በከፍተኛ ፍጥነት ጅራቱን ሊሰብር የሚችል ርግብግብታ ስለሚያስከትል፣ ሽብልቁ ቀላል መሆን፣ ከእያንዳንዱ በረራ በፊትም አለመላቀቁ በእጅ ተነክቶ መረጋገጥ አለበት።