ባለቤት የሌላቸው ድመቶችና የግቢያችን ንጽሕና

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው፣ ሌሊት በኮርኒሱ ላይ የሚሮጠውን ድመት ሳያውቀው አይቀርም። ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ከቆርቆሮው በታች ገብተው ይወልዳሉ፤ ሽንታቸው ኮርኒሱን ያበላሻል፤ ጫጩት ይነጥቃሉ፤ የጎመኑን መደብ እየጫሩ ዓይነ ምድራቸውን ይቀብራሉ። በዚህም ሰበብ ጎረቤት ከጎረቤቱ ይቀያየማል።

ጉዳቱ ግን በንብረት ብቻ የሚቆም አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ፣ ስሙ የውሻ ቢሆንም፣ በድመት ንክሻም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽተኛው የሚድንበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ለሰው የሰጠው ክትባት የሚያድነው በጊዜው ለደረሰ ነውና።

ሁለተኛው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። እንቁላል መሰል ዘሩ የሚወጣው በድመትና በድመት ወገኖች ዓይነ ምድር ብቻ ነው። በእርግዝናዋ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛትን እናት ሊያስወርዳት፣ ወይም የሕፃኑን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን ይህ ዘር ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ስለ ሆነ፣ ዓይነ ምድሩን በየዕለቱ ጠርጎ ማስወገድ ትልቅ መከላከያ ነው። ይህንንም ሥራ እርጉዝ ሴት አትሥራው። የጓሮ አትክልትም በንጹሕ ውሃ በሚገባ ይታጠብ። በሽታው በጥሬ ሥጋም ስለሚተላለፍ ጥፋቱን ሁሉ በድመት ላይ መጣል አይገባም።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንዳንድ ሰዎች መርዝ ያስቀምጣሉ። መርዝ ግን ሕፃንን ከድመት አይለይም። ደግሞም ድመት ገና በ6 ወር ዕድሜዋ መፅነስ ትችላለች፤ እርግዝናዋም 9 ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ምግቡና መጠለያው እስካለ ድረስ በሞተችው ስፍራ ሌላይቱ ትተካለች። በውጭ አገር ስማር መምህሬ፣ «እንስሳውን ከማሳደድህ በፊት የሚበላውንና የሚያድርበትን ፈልግ» ይሉኝ ነበር።

እንግዲህ የቆሻሻው በርሜል ክዳን ይኑረው፤ የበዓል ዕርድ ትርፍራፊ በጥልቅ ይቀበር። ግልገል አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ የጣራው ክፍተት በወንፊት ሽቦ ይዘጋ። ጫጩቶች ሌሊት በተዘጋ ቤት ይደሩ፤ የጎመኑ መደብም በእሾህ ይከለል። ድመት ያለው ሰው በእንስሳት ሐኪም ያስከትባት፣ ያስመክናትም፤ የመከነች ድመት አይጥ ማደኗን አትተውምና።

እናንተ መምህራንም ተማሪዎቻችሁ የማያውቁትን ድመት እንዳይነኩ፣ ቢነከሱም ቅጣት ፈርተው እንዳይደብቁ አስተምሩልን።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል። እርሷ ዓመሏን የማትለውጥ ከሆነች፣ መለወጥ ያለብን እኛው ነን።