በቆርቆሮ ክዳንና በኮርኒስ መካከል የሚነጠፍ የሙቀት መከላከያ ጥቅም

በኢትዮጵያ ከተሞች አብዛኛው መኖሪያ ቤት በቆርቆሮ የተከደነ ነው። ቆርቆሮ ዝናብን ቢከለክልም ሙቀትን አይከለክልም፤ ቀን ፀሐይ ያጋለው ክዳን ሙቀቱን ወደ ቤት ያወርዳል፤ ጥርት ባለው የኅዳር ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከውጭው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። የሣር ክዳን ይህን የሚያቀለው በሣሩ መካከል አየር አምቆ ስለሚይዝ ነው፤ የረጋ አየር ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከብረት ከ1,000 ጊዜ በላይ ያነሰ ነውና። ከኮርኒስ በላይ የሚነጠፍ የመስታወት ሱፍም የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው። ሆኖም ውኃ የገባበት ንጣፍ የያዘውን አየር ስለሚያጣ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚያፈስሰውን ክዳን መጠገን፣ ከንጣፉ በላይም የነፋስ መተላለፊያ መተው ያስፈልጋል።