የሩዝ ውሃ አይባዛም

ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስታቁላላ ግማሽ ቀን ምድጃ ሥር መቆም የማይሰለቻት ባለሙያ፣ ሩዝ ላይ ስትደርስ ውሃ ደፍታ፣ ዘይት ጠብ አድርጋ ወደ ሌላ ሥራዋ ትሄዳለች። ገንፎ ሲሆንባት ደግሞ «ሩዙ መጥፎ ነው» ትላለች። ሩዙ ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም።

ስለ ምርጫው ብዙ አልልም። ፍሬ ፍሬው እንዲነጣጠል የሚፈልግ ሰው ከህንድ ወይም ከፓኪስታን የሚመጣውን ባስማቲ ይግዛ፤ አሚሎዝ የተባለው የስታርች ዓይነት በርከት ስለሚልበት ብዙም አይጣበቅም። የታይላንዱ ጃስሚን ለስለስና ያዝ ያዝ ይላል፤ ጠባዩ ነው። ስባሪ የበዛበትን ከረጢት ይለፉት፤ የተሰበረ ፍሬ ስታርቹን ውሃው ውስጥ ይለቃል። የፎገራን ሩዝ እንደ ባስማቲ ቀቅለው የሚያማርሩ ሰዎች ግን ያበሳጩኛል። በደርግ ዘመን ጣና ዳር ካለው፣ ክረምት ውሃ ከሚተኛበት ሜዳ የገባው ይህ ሰብል የአካባቢውን ገበሬ ኑሮ ቀይሯል። ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ጠላ ይጠመቅበታል። ሙያው ሌላ ነውና በሙያው ይመዘን።

ማጠቡንም ባጭሩ፦ ውሃው ወተት መምሰሉን እስኪተው ድረስ ይታጠብ።

ዋናው ጉዳይ ውሃው ነው። «ለአንድ ኩባያ ሩዝ ሁለት ኩባያ ውሃ» የሚለው ሕግ ከእናት ለልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ለአንድ ኩባያ ሲሆን ብዙም አይከፋም። እንግዳ መጥቶ ሩዙ አምስት ኩባያ ሲሆን ግን ውሃውም አሥር ይሆናል፤ ጉዱ የሚመጣው ያኔ ነው። ሩዝ በስሎ እስኪያበቃ የሚጠጣው ውሃ በመስፈሪያ የራሱን ያህል ገደማ ነው፤ እንደ ዓይነቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። የተረፈው የሚጨመረው በእንፋሎት ለሚወጣው ማካካሻ ነው። የእንፋሎቱን መጠን የሚወስነው ደግሞ የድስቱ አፍ ስፋት፣ የክዳኑ መግጠምና የእሳቱ ኃይል እንጂ የሩዙ ብዛት አይደለም። እንፋሎት እንደ እድር መዋጮ ነው፤ በቤት እንጂ በነፍስ ወከፍ አይከፈልም። ክዳኑ በሚገባ በሚገጥም ድስት ለአንድ ኩባያ ሩዝ አንድ ተኩል ውሃ ከበቃ፣ ለአምስት ኩባያ አምስት ተኩል፣ ቢበዛ ስድስት ይበቃል። አሥሩ ከየት መጣ?

ጅዳ ለዓመታት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች አንዲት የሰፈራችን ሴት ይህን ያለ ምንም ስሌት ታውቀዋለች። ለሠርግ ሩዝ ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። የታጠበውን ሩዝ ድስቱ ውስጥ ደለደለች፣ የጠቋሚ ጣቷን ጫፍ ሩዙ ላይ አሳረፈች፣ ውሃው የመጀመሪያዋ አንጓ ላይ ሲደርስ መጨመር አቆመች።

«እትዬ፣ ለዚህ ሁሉ ሩዝ ይኼ ብቻ?» አልኳት።

«ሩዙ ስለበዛ ጣቴ አይረዝም» አለችኝ።

በፍሬዎቹ መካከል የሚገባው ውሃ ከሩዙ ጋር አብሮ ይጨምራል፤ ከላይ የሚተኛው ግን ለብዙም ለጥቂትም ያው አንድ አንጓ ነው። የሠርጉ ሩዝ ፍሬው አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ ወጣ።

ሌላው የማይታሰብ ነገር ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከረጢቱ ላይ የታተመው ደቂቃ እዚህ አይበቃም። ይህን ያላወቀ ሰው ሰዓቱ ደርሶ ሩዙ ሲነከስ ጥሬ ሲሆንበት ክዳኑን ይከፍታል፣ ያማስላል፣ ውሃ ይጨምራል። በተማሰለ ቁጥር ፍሬ ይሰበራል፣ ስታርች ይለቃል፣ ድስቱም ሙጫ ይሆናል። እባካችሁ ማማሰያውን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት! አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርጎ ከድኖ መተው ነው። ሲበስል እሳቱን አጥፍተው ክዳኑን ሳይነኩ 10 ደቂቃ ይቆዩ፤ ከታች የቀረው እርጥበት ለላይኛውም ይዳረሳል። ከዚያ በሹካ በተን በተን ማድረግ ነው።

የተረፈውን ምድጃ ላይ አሳድሮ ጠዋት የሚያሞቅም አለ። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ስፖሮቹ መቀቀልን ይቋቋማሉ፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲያድር ይራባል፣ የሚያስታውክ መርዝም ያመርታል። መርዙ ቢያሞቁት አይጠፋም። ስለዚህ ትሪ ላይ በትኖ፣ ቶሎ አቀዝቅዞ ፍሪጅ ማስገባት ነው። ፍሪጅ የሌለው ቤት ደግሞ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ይቀቅል።